ለቦይለር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። ቦይለር ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ያየ ግን ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻም አይደለም፤ ሽማግሌዎቹን በመኪናዬ ጭኜ የወሰድኳቸው፣ ንግግራቸውንም የተረጎምኩት እኔው ነኝ። ይህን ታሪክ በየሰርጉና በየክርስትናው ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን ባወራሁት ቁጥር ደረቴ ይነፋል፤ ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍረዱኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሠፈር፣ ዛሬ ባቡሩ ከሚቆምበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስት ደርብ ያለው አሮጌ የጡብ ሕንፃ ውስጥ እኖር ነበር። ሃያዎቹን ልጨርስ የተቃረብኩ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ተረኛ ሆኜ የምሠራ፣ ቤዛ የምትባል የስድስት ዓመት ልጄን ብቻዬን የማሳድግ ሴት ነበርኩ። ግልፍተኛም ነበርኩ። አሁንም ነኝ ይላሉ፤ አልከራከርም።

ቤዛ አስም አለባት። ቤታችን ደግሞ ምድር ቤት በሰሜን በኩል ጥጉ ላይ ስለነበር ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቀንም። ግድግዳው ሲነካ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ያም ሆኖ ሁለት ነገር ነበረን። አንደኛው ከምድር ቤቱም ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ያለው አሮጌ የናፍጣ ቦይለር ነው። ውሃውን እያሞቀ በቧንቧ ወደየቤቱ ይልካል፣ መስኮቴ ሥር ያለው የብረት ራዲያተር ይሞቃል፣ ልጄም ደህና ትተነፍሳለች። ናፍጣውን የሚገዛው ባለሕንፃው ሲሆን ወጪው ከኪራያችን ጋር ተደርቦ ነበር። ሁለተኛው ሀብቴ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ በቀለና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። እኔ ሥራ ስገባ ቤዛ እነሱ ቤት ታድራለች። እትዬ አስካለ ባይኖሩ የማታ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ደግሞ ምንም የለም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የሕንፃው ማኔጀር ደረጃው ላይ አገኘኝና እንደ ተራ ወሬ ነገረኝ። ቦይለሩ አርጅቷል፤ ናፍጣውም ባለሕንፃውን ከብዶታል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ቆርጠው ያወጡትና በየቤቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁሉም የራሱን መብራት ይከፍላል።

“ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር እኮ” አለኝ። የት እንደለጠፈው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

“ለሁላችሁም ፍትሐዊ ነው” ብሎ ቀጠለ። “የተጠቀመ ይከፍላል።”

ፍትሐዊ! የኔ ቤትና የሦስተኛ ፎቅ ቤት አንድ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ያሉት በጥር ወር መስኮት ከፍተው ነው የሚተኙት። የኔን ቤት በኤሌክትሪክ ለማሞቅ ደሞዜም አይበቃም። እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ነገሩን ሳሰላው ያለኝ አማራጭ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ፌደራል ዌይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ መጠጋት። ፌደራል ዌይ እትዬ አስካለ የሉም። ወዲያው ተናደድኩ፤ እኔ ስናደድ ነው የሚሻለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በየቤቱ እየዞርኩ በር አንኳኳሁና ሁላችንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰበሰብን። አብዛኞቻችን የኛ ሰዎች ነን። ሎተሪ ደርሶት የመጣ አለ፣ በሱዳን ዞሮ የገባ አለ። ኦርቶዶክሱም፣ እስላሙም፣ ጴንጤውም የሚወጣው አንድ ደረጃ ነው። ከኛ ሌላ ሚስ ዶረቲ የምትባል፣ ከሁላችንም በፊት ሕንፃው ውስጥ የኖረች ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ነበረች። እሷም እንደኔ ምድር ቤት ናት።

ስብሰባው እንደ ማንኛውም የኛ ሰው ስብሰባ ተጀመረ፤ ሁሉም ተናጋሪ፣ አድማጭ የለም። አንዱ ጠበቃ እንያዝ ይላል፣ ሌላው እንልቀቅ ይላል። አንዱ ደግሞ ተነሥቶ “ድር ቢያብር” ሲል አቋረጥኩት። በዚያን ሰዓት ተረት የመስማት ትዕግሥት አልነበረኝም።

“ሰውዬው የከበደው ናፍጣው አይደል እንዴ? እኛ እንግዛዋ! ቦይለሩን ለኛ ይተውልን!” አልኩ።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ጋሼ በቀለ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ናዝሬት ሳሉ ለብዙ ዘመን የእድር ዳኛ ነበሩ፤ መነጽር መጥረግ ከጀመሩ ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው።

“ልጅቱ ያለችው ነገር አለው” አሉ። “ናፍጣ ሰመር ላይ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ዋጋው ይወርዳል። በጋራ በርከት አድርገን ገዝተን ብናስቀምጥ ይረክሳል። በየወሩ ሁሉም እኩል ያዋጣል። ለብልሽት የሚሆን ደግሞ ለብቻው እናስቀምጣለን። እሱም ለናፍጣ ብሎ ኪራያችን ላይ የጨመረውን ያነሣልናል። ቦይለሩ የሱ ነው፣ ሥራው የኛ።”

ያን ጊዜ ነው ክፍሌ የተነሣው። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ኦበርን ከተማ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ማንም እንዲነካው የማይፈልግ ኩሩ ሰው ነው።

“ቆይ፣ ቆይ። እኩል ነው ያሉት ጋሼ?”

“እኩል።”

“ሶ፣ እኔ ራዲያተሬን ከፍቼው አላውቅም። ዘግቼውም እየሞቀኝ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው። ሙሉነሽ ቤት ላለው ብርድ እኔ ልክፈል ነው የምትሉኝ? ኤሌክትሪክ ቢገባ እኔ እኮ ሴቭ ነው የማደርገው!”

ሙሉነሽ እኔ ነኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ጋሼ በቀለ በእጃቸው አስቆሙኝ።

“ክፍሌ ልጄ፣ እድር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?”

“አዎ።”

“ብዙ ሰው የሞተበት ብዙ ያዋጣ ሲባል ሰምተሃል?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለሚስ ዶረቲ ተርጉሜላት እሷም ሳቀችና “እኛም አርካንሳስ እንዲህ ያለ ማኅበር ነበረን፤ እናቴ የተቀበረችው በሱ ነው” አለች። ክፍሌ ግን አልሳቀም። “ሞትና ብርድ አንድ አይደለም” ብሎ ወጥቶ ሄደ።

የቀረነው ተስማማን። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ያናግረው የሚል ነበር። እኔ ስልክ ደውዬ ልክ ልኩን እንድነግረው ሐሳብ አቀረብኩ። ጋሼ በቀለ በስልክ የሚባል ነገር አልሰማም አሉ።

“የሰው ንብረት ስትጠይቂ በስልክ ነው እንዴ? ቤቱ ተሂዶ፣ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው።”

ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። ጋሼ በቀለ፣ ወሎዬው ሐጂ ሰይድ፣ ከጴንጤዎቹ ደግሞ ወንድም ማቴዎስ። ሦስት ሃይማኖት ለአንድ ቦይለር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እኛ ደግሞ ያረጀች ያፈጀች፣ ጢስ የምትተፋ ሙሽራ ልንጠይቅ ተነሣን።

እሑድ ሁሉም ከየጸሎቱ ከተመለሰ በኋላ ቶዮታዬ ውስጥ ገቡ። ሱፍ ለብሰዋል፤ ጋሼ በቀለ ከላይ ነጭ ኩታ ደርበዋል። ባለሕንፃው ሚስተር ኦልሰን የሚኖረው ከሐይቁ ማዶ፣ መርሰር አይላንድ ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጋሼ በቀለ ከጎኔ ሆነው መመሪያ ሰጡኝ።

“አንቺ አስተርጓሚ ነሽ። ያልነውን ትያለሽ። ከራስሽ አትጨምሪ።”

“እሺ ጋሼ።”

“አንዲት ቃል!”

“እሺ አልኩ እኮ!”

ሚስተር ኦልሰን ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ግቢው ውስጥ ቅጠል ሲጠርግ ደረስን። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሐበሾች በሰልፍ ወደሱ ሲመጡ መጥረጊያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ተከራዮቹ መሆናችንን ስነግረው ወደ ውስጥ አስገባን። ሚስቱ ወንበር አቀረበች። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ቡናና ብስኩት አመጣች። አልነኩም። በሩ አጠገብ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

“ተቀመጡ እንጂ” አለ ሚስተር ኦልሰን።

“ጉዳያችን ሳይደርስ አንቀመጥም በይው” አሉኝ ጋሼ በቀለ።

ተረጎምኩ። ሚስትየው ባሏን አየችው፣ ባልየው እኔን አየኝ።

“ቡናውስ?”

“መልስ ሳያገኙ የሰው ቤት እህል ውሃ አይቀምሱም” አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። “የረሃብ አድማ ነው?”

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። አይደለም፣ ባህላችን ነው፣ ላንተ ያለንን ክብር የሚያሳይ ነው ብዬ ለማስረዳት ስጀምር ጋሼ በቀለ “ምን እያልሽ ነው? ጨመርሽ አይደል?” ብለው በዓይናቸው ቆነጠጡኝ። ከዚያ ንግግራቸውን ጀመሩ። ቤቱን አመሰገኑ፣ ዘሩን መረቁ፣ ስለ መልካም ጉርብትና ብዙ አሉ፤ ቦይለር የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። እኔ ላብ አጠመቀኝ። የሳቸውን አንድ ገጽ ምርቃት “ቤትህ ጥሩ ነው ይላሉ” ብዬ አሳጠርኩት።

“አመሰግናለሁ” አለ ሰውዬው። “የተበላሸ ነገር አለ?”

ሐጂ ሰይድ ነገሩ እንዳልገባው አይተው አሳጠሩት። “ቦይለርዎን ለኛ ይተዉልን። ናፍጣውን እኛ እንገዛለን፣ ብልሽቱንም እኛ እናሠራለን። ቤቱ የርስዎ፣ ሙቀቱ የኛ።”

ሚስተር ኦልሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነት ለመናገር በጥሞና ነው ያዳመጠን። እንዴት እንደምናዋጣ ጠየቀ፣ ነገርነው። ለሁሉም እኩል ነው ስንለው በጥርጣሬ ራሱን ነቀነቀ።

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤት አከራይቻለሁ” አለ። “የሚሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይከፍላል። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት፣ ሳይከፍቱት የሚሞቃቸው፣ ለምን እከፍላለሁ ይላሉ። አንዱ ያቆማል። እሱን አይቶ ሌላው ያቆማል። የካቲት ላይ ናፍጣው ያልቃል፣ ቧንቧው ይፈነዳል፣ የሚጠራው ግን እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ አይከፍልም። ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ጥሩ ሰዎች ናችሁ። መልሴ ግን አይሆንም ነው።”

ስተረጉመው ልጄን ይዤ ስወጣ ታየኝ። ሽማግሌዎቹ ግን በሙሉ ክብር እጅ ነሡ። ጋሼ በቀለ ፈገግ ብለው “ነገ ጠዋት እንመለሳለን በይልኝ” አሉ።

“ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ እምቢ ብሏል!”

“ሰምቻለሁ። በይልኝ።”

አልኩት። ሚስተር ኦልሰን ግራ ገብቶት በሩን ከፈተልን። መኪና ውስጥ ስንገባ አልቅሼ ልፈነዳ ደርሻለሁ፣ እነሱ ግን ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ይጫወታሉ።

“ደህና ነገር ነው” አሉ ሐጂ ሰይድ።

“በጣም ደህና” አሉ ወንድም ማቴዎስ።

“ምኑ ነው ደህና?” ብዬ ጮህኩ። “ኖ ነው ያለው! አሜሪካን አገር ኖ ማለት ኖ ነው!”

ጋሼ በቀለ ቀበቷቸውን እያሰሩ “በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ አባት አይተሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ። “እንዲህ ያለ አባት ልጁን የጠላ ነው። እምቢታው ወጉ ነው። ደግሞ እምቢ ሲል ምክንያቱን ነገረን፤ ምክንያቱን የነገረ ሰው በሩን አልዘጋም። ሦስተኛ ፎቅ አይከፍልም አለ። እንግዲህ የጎደለን ሦስተኛ ፎቅ ነው።”

እነሱ ያሉት ስሕተት መሆኑን መቶ በመቶ እርግጠኛ ነበርኩ። ፈረንጅ ሽማግሌ አያውቅም፣ ወግ አያውቅም፣ ነገ ብንሄድ ፖሊስ ነው የሚጠራብን። ግን ሌላ ምን አለኝ?

ማታ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሁሉም የተላክንበትን ሊሰማ ተሰበሰበ። ክፍሌም የሚታጠብ ልብስ ያለው መስሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። የሰውዬውን ቃል እንድነግራቸው ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከምላሴ ማር ጠብ እያለ ነው የነገርኳቸው።

“ሦስተኛ ፎቅ አይከፍልም ብሏል። ሦስተኛ ፎቅ መጀመሪያ ይከፍላል፣ በኋላ ይክዳል ነው ያለው።”

ክፍሌ ቀና አለ። “ማን? እኔን ነው?”

“ስም አልጠራም። ሦስተኛ ፎቅ ብቻ ነው ያለው።”

“ሰውዬው አይቶኝ ያውቃል?”

“ማየት አያስፈልገኝም፣ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ ነው የሚለው።”

“እኔ ነኝ የምክደው? ገብቼበት? ቃል ሰጥቼ?” አለ ክፍሌ። ቅዳሜ ረግጦ የወጣው እሱ ራሱ መሆኑን ማንም አላስታወሰውም፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ልብሱን ሳያጥብ ወደ ላይ ወጣ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መኪናዬ አጠገብ ስደርስ ክፍሌ ቀድሞኝ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ክራቫት አድርጓል። “ሥራ ኮል አድርጌ እቀራለሁ ብያለሁ” ብቻ አለኝ። ስንወጣ ሚስ ዶረቲ በመስኮቷ ጠራችን። ሠራተኞቹ ቀድመው ቢመጡስ አለች። መልሱንም እሷው ሰጠች፤ እስክትመለሱ ችግር የለም፣ ሂዱ አለችን።

ሚስተር ኦልሰን በሩን የከፈተልን ካፖርት በፒጃማ ላይ ደርቦ፣ ጋዜጣ በእጁ ይዞ ነው። አምስት ሆነን ቆመናል። ትናንት የተውነው ቦታ ላይ፣ እንደ ትናንቱ።

“አይሆንም አልኩ እኮ” አለ፤ የተቆጣ ግን አይመስልም፣ የተገረመ ነው።

ጋሼ በቀለ አፋቸውን ሲከፍቱ ክፍሌ ከሳቸው ፊት ገባ። አስተርጓሚም አልጠበቀም፤ በራሱ እንግሊዝኛ ተናገረ።

“አይከፍልም ያልከው ሦስተኛ ፎቅ እኔ ነኝ።”

ሚስተር ኦልሰን ከላይ እስከ ታች አየው። “አንተ ራዲያተርህን ትከፍታለህ?”

“አልከፍትም።”

“ታዲያ ከምድር ቤቱ ሰው እኩል ለምን ትከፍላለህ?”

ክፍሌ እልህ ይዞት መምጣቱን አውቃለሁ፤ እልህ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

“ሌሊቱን እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ራዲያተሬ ዝግ ነው። ታዲያ የሚሞቀኝ ከየት ነው? ከሥሬ ካሉት ነው። የሷ ቤት ሙቀት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፣ የሁለተኛ ፎቅ ወደኔ ይወጣል። የኔ ወለል የነሱ ጣሪያ ነው። ሲታይ እኔ እስከ ዛሬ የሞቅኩት የነሱን ሙቀት ነው፤ እሱንም በመስኮት ስጥል ነበር። ነገ ኤሌክትሪክ ገብቶ እነሱ መክፈል አቅቷቸው ቢያጠፉት፣ እኔም ከላይ ይበርደኛል። ስለዚህ እኩል እከፍላለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ምን እንዳለ አልገባቸውም፤ ሲናገር ግን እንደ አባት ያዩት ነበር። እኔ እንባዬ መጣ። ያ ኩሩ ሰው፣ ሸሚዙ እንዲነካበት የማይፈልገው፣ ስለኔ ቤት ቆሞ መሰከረልኝ።

ሚስተር ኦልሰን ጋዜጣውን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገ። ሚስቱ ከጀርባው መጥታ ቆማለች።

“ማኅበራችሁ ሕጋዊ አይደለም” አለ በመጨረሻ። “ውል ብንዋዋል የማንን ስም ልጻፍ?”

ይህን ለሽማግሌዎቹ ተረጎምኩ። ጋሼ በቀለ “እኔ ለሐጂ ዋስ ነኝ፣ ሐጂ ለማቴዎስ፣ ማቴዎስ ለኔ” አሉ። ክፍሌ “ለሦስተኛ ፎቅ የኔን ጻፍ” አለ። ሚስተር ኦልሰን “ለምድር ቤቱስ?” ሲል ሁሉም ዝም አሉ። ዝም ያሉት መልሱን ለኔ ትተው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

“የኔን” አልኩ። “ሙሉነሽ። ምድር ቤት እኔ ነኝ። ልጄ እዚያ ነው የምትተነፍሰው። ለምድር ቤት እኔ እፈርማለሁ።”

ጋሼ በቀለ “ምን አለሽ? ምን አልሽው?” ብለው ጠየቁኝ።

“ከራሴ ጨመርኩ ጋሼ” አልኳቸው።

“ደግ አደረግሽ” አሉኝ።

“ለአንድ ክረምት” አለ ሚስተር ኦልሰን። “አንድ ክረምት ሞክሩት። አሁን እባካችሁ ትቀመጣላችሁ?”

ተቀመጡ። ሚስትየው ቡናውን ስታመጣ ሐጂ ሰይድ ሁለቴ አስቀዱ። ግን ገና አልጨረስንም ነበር። ሚስተር ኦልሰን ሠራተኞቹን ለማስቆም ሲደውል ማኔጀሩ ስልክ አያነሣም፤ እንደ ዛሬው በየኪሱ ስልክ የለም። ሰውዬው ፒጃማው ላይ ሱሪ አጥልቆ መኪናውን አስነሣ፣ እኔ ከኋላው። ድልድዩን የዚያን ዕለት እንዴት እንደተሻገርኩት አላስታውስም። ሐጂ ሰይድ ከኋላ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ወንድም ማቴዎስ ይጸልያሉ፣ ጋሼ በቀለ “ቀስ በይ” ይላሉ። ዘግይተን ቢሆንስ? አንዴ ቧንቧው ከተቆረጠ ማን መልሶ ይቀጥለዋል?

ስንደርስ የሠራተኞቹ መኪና በር ላይ ቆሟል። ወደ ቤዝመንት በሩጫ ወረድኩ። ሁለት ጎረምሳ ሠራተኞች መሣሪያቸውን መሬት አስቀምጠው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ማኔጀሩ ራሱን ይዟል። በቦይለሩ ክፍል በር ላይ ሚስ ዶረቲ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ወንበር ዘርግታ፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጥላ ተቀምጣለች።

“ሰዎቼ ለጥያቄ ሄደዋል” አለችው ባለሕንፃውን ስታየው። “መልሱ ሳይመጣ ማንም አያልፍም ብያቸዋለሁ።”

ሚስተር ኦልሰን ሳቀ። ሠራተኞቹን ይቅርታ ጠይቆ መለሳቸው። እኔ እዚያው በሚንጎራጎረው ቦይለር ፊት ለፊት ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀላል ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። የናፍጣ ዋጋ የናረበት ክረምት ነበር። ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ የጠፋም ነበር። አዲስ ተከራይ በገባ ቁጥር “እኩል ለምን?” የሚለውን ክርክር ከሀ ጀምረን እንደግመዋለን፤ ክፍሌ ግን የሚያስረዳው እሱ ብቻ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ያች የአንድ ክረምት ሙከራ ብዙ ክረምት ቆየች። ቦይለሩ መጨረሻ ላይ ሲሞት በጋራ ባስቀመጥነው ገንዘብ በጋዝ የሚሠራ አዲስ ተተከለ፣ ሚስተር ኦልሰንም ግማሹን ቻለ። የሙቀት ማኅበሩ ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጨቅጫቃ ስለሆነች ማንም አያመልጣትም ተብዬ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ አንድም ቦታ ተመርጬ አላውቅም ነበር። ዛሬ እዚህም እዚያም ሰዎች ጣሪያ ላይ የጋራ ሶላር ሊተክሉ ተሰባስበው “እንዴት ነው ያሠራችሁት?” ብለው ይጠይቁኛል። ስለ ዋጋውና ስለ ውሉ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ቀጥዬ ግን ከመካከላችሁ ምንም የማይጠቀም የሚመስለው ማን ነው እላቸዋለሁ። እሱን ከፊት አቁሙት።

እኔ ራሴ ከዚያች ሰኞ ወዲህ እምቢታ አያስደነግጠኝም። እምቢ ሲሉኝ ምክንያቱን እጠይቃለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ቤቴን የገዛሁትም፣ ትምህርቴን የቀጠልኩትም እንዲሁ ነው።

ወደዚያ ክረምት ልመልሳችሁ፤ የመጀመሪያው ውርጭ በወረደበት ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ክፍሌ ነው፤ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወደ ኦበርን ሊሄድ ነው። እንደምን አደርሽም ሳይለኝ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዶ ራዲያተሩ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ቤዛ ከአልጋዋ ቀና ብላ “ማሚ፣ ዋት ኢዝ ሂ ዱዊንግ?” አለችኝ። ክፍሌ እጁን ሳያነሣ ጥቂት ቆየና “ሙቀቱ ደርሷል” አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። በማግሥቱም መጣ፣ ነክቶት ሄደ። ያን ክረምት ብርድ በጠናበት ጠዋት ሁሉ ይመጣ ነበር፤ ልጄም በሩ ሲንኳኳ እኔን ቀድማ ሮጣ ትከፍትለታለች።